ደረሰኙ የታለ?

ጋሼ የምላቸው አጎቴ በጉምሩክ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ያሳለፉት ምሥራቅ ጠረፍ፣ ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የፋርማሲ ተማሪዎችን የመድኃኒት ቅመማ አስተምራለሁ። የእሳቸው ሙያና የእኔ ሙያ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያወቅነው ግን ባለፈው ኅዳር፣ በክፉ ቀን ነው።

ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ የጡት ካንሰር ታክመው ከጨረሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቀዶ ጥገናውም፣ ኬሞውም፣ በየሦስት ሳምንቱ በደም ስር የሚሰጣቸው መድኃኒትም በሰላም አልቋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲቀዱ፣ ከጀበናው የወረደው ቡና ሲኒውን ስቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲኒው አለ ብለው ያሰቡት ቦታ ላይ አልነበረም፣ ያ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እትዬ ቡና ሲቀዱ አንዲት ጠብታ ሲያንጠባጥቡ አይቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን እንደሚያማቸውና እንደሚያስመልሳቸው የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቀውን ነበር። ኤምአርአይ ሲነሡ አንጎላቸው ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ዕጢ ታየ።

ከዚህ በታች ያለው በዚያው ሳምንት አንድ ማታ በረንዳ ላይ ያወራነው ነው። እትዬ ውስጥ ተኝተው ነበር። ጽፌ ስጨርስ ለጋሼ አነበብኩላቸው፤ የጉምሩኩን ነገር ሁለት ቦታ ላይ አርመውልኛል።

ጋሼ፦ ነይ እስቲ፣ ይህን እዪልኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ነው በቴሌግራም የላከልኝ። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ነው አሉ። «ወደ አንጎል የተሰራጨ ካንሰር በናኖ ቴክኖሎጂ ይድናል» ይላል። የጠየቁትን ገንዘብ ብትደምሪው የዚህ ቤት ዋጋ ነው። ቤቱ ይሂድ፣ እሷ ከሌለች ቤት ምን ያደርግልኛል? ብቻ አንቺ የሙያው ሰው ነሽና ቁርጡን ንገሪኝ።

እኔ፦ ናኖ የሚባለው ነገር እውነት ነው ጋሼ። እኔም የማስተምረው እሱን ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው ተስፋ ግን እውነት አይደለም። ሁለቱን ለይቼ ላስረዳዎት፤ ጊዜ ይስጡኝ።

ጋሼ፦ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ እንቅልፍ እንደሆነ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። ከሥሩ ጀምሪ። ጡቷ ላይ የነበረው ወጥቷል። መድኃኒቱንም አንድ ቀን ሳታጓድል ወስዳለች። ሳንባዋ ንጹሕ፣ ጉበቷ ንጹሕ ነው ብለውናል። ያ ሁሉ መድኃኒት አንጎሏን ብቻ ለምን ተወው?

እኔ፦ አልተወውም፤ አልደረሰበትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ጀርመን አገር ፓውል ኤርሊኽ የሚባል ሐኪም እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም እየወጋ ይመራመር ነበር። ጉበቱም፣ ኩላሊቱም፣ ጡንቻውም ቀለሙን ሲጠጣ አንጎሉ እንደነበረ ቀረ። ኤርሊኽ አንጎል በተፈጥሮው ያን ቀለም የማይዝ መሰለው። በ1913 ተማሪው የነበረው ኤድዊን ጎልድማን ነገሩን ገልብጦ ሞከረው። ሰማያዊውን ቀለም በደም ፋንታ አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ወጋው። ያኔ አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ፣ የቀረው ገላ ግን ንጹሕ።

ጋሼ፦ እንግዲያው አንጎል ቀለሙን ጠልቶት አይደለም። መሐል ላይ ኬላ አለ።

እኔ፦ አዎ፣ ኬላ አለ። በሌላው ሰውነታችን ቀጫጭን የደም ስሮች ግድግዳቸው ላይ ቀዳዳና ስንጥቅ ስላላቸው መድኃኒት ሾልኮ ይወጣል። የአንጎል የደም ስሮች ግን የሚሠሩባቸው ሴሎች እርስ በርሳቸው ተሰፍተዋል፤ መርፌ አያስገቡም። እነዚህ ቀጫጭን ስሮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ።

ጋሼ፦ 600? ከዚህ ጅጅጋ ማለት እኮ ነው! እኛ አንድ መንገድ ላይ አንድ ገመድ ዘርግተን ነበር የምንቆመው። ግራ ቀኙ ሜዳ ነው፤ ኮንትሮባንዲስቱ ሌሊት በግመል ዞሮን ያልፋል። እዚህ ግን መንገዱ በሙሉ ኬላ ነው እያልሽኝ ነው።

እኔ፦ በሙሉ። ጠባቂውም አይተኛም። ግድግዳው ላይ ሾልኮ የገባውን ይዞ ወደ ደም የሚመልስ ፓምፕ አለ፤ ብዙዎቹን የኬሞ መድኃኒቶች እሱ ነው የሚመልሳቸው። በዘርፉ ብዙ የሠሩት ዊልያም ፓርድሪጅ እንደሚሉት ከትንንሾቹ መድኃኒቶች እንኳ 98 በመቶው ያህል ይህን ግድግዳ አያልፉም። እትዬ በየሦስት ሳምንቱ ይወስዱት የነበረው ትራስቱዙማብ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከተራ የኬሞ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር በክብደት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ጡታቸውንና ሌላውን አካላቸውን በደንብ ጠብቆላቸዋል። ካንሰሩ የተረፈው መድኃኒቱ የማይገባበት ቤት ውስጥ ተጠልሎ ነው።

ጋሼ፦ ቆይ ቆይ። መድኃኒቱ ካላለፈ ካንሰሩ ራሱ በየት አለፈ?

ይህን ሲጠይቁኝ ከወንበራቸው ቀና ብለው ነበር። ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሁልጊዜ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው።

እኔ፦ ካንሰሩ ሕይወት ያለው ነገር ነው ጋሼ። መድኃኒት በደም እየተንሳፈፈ ይሄዳል እንጂ በር አይፈልግም። የካንሰር ሴል ግን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ይጠብቃል፣ ስፌቱን የሚፈታ ነገር ያመነጫል፣ ቅርጹን ለውጦ ይሾልካል። ከሺህ ስንቱ መንገድ ላይ ይሞታል። የተረፈው ግን እንደ ዘር ነው። ስቲቨን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ ካንሰሩ በየአካሉ እኩል እንደማይበተን አየ። ዘር በየቦታው ይወድቃል፣ የሚበቅለው ግን የተስማማው መሬት ላይ ነው አለ። የእትዬ ዓይነት ካንሰር፣ ሄር2 የሚባለው ምልክት የበዛበት፣ ከአንጎል ጋር በጣም ይስማማል። በሽታው ከጡት አልፎ ከተሰራጨባቸው የዚህ ዓይነት ሕሙማን እስከ ግማሽ የሚሆኑት ውለው አድረው አንጎላቸው ላይ ያገኛቸዋል።

ጋሼ፦ ገብቶ ከበቀለ በኋላስ? ሲያድግ ግድግዳውን አያፈርሰውም? ከፈረሰ መድኃኒቱም ይግባ እንጂ።

እኔ፦ ያፈርሰዋል፤ ግን እኩል አያፈርሰውም። በ2010 አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር ወደ አንጎላቸው በተሰራጨባቸው አይጦች ላይ ከ2,000 በላይ ዕጢዎች አንድ በአንድ ተመርምረው ነበር። አብዛኞቹ ግድግዳቸው ሳስቷል። መድኃኒት ግን ሴል ሊገድል በሚችል መጠን የገባባቸው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ናቸው። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ካሉት ሦስት ዕጢዎች አንዱ በሩ ገርበብ ያለ፣ ሁለቱ የተዘጉ ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ዕጢ ሲቀንስ ትንንሾቹ የሚያድጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጋሼ፦ በይ እንግዲህ፣ ናኖውን አምጪው።

እኔ፦ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። እኛ የምንሠራቸው ቅንጣቶች 100 ናኖሜትር ያህል ናቸው፤ 800 ቅንጣት ጎን ለጎን ቢሰለፍ አንድ ፀጉር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው «ናኖ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ይሾልካል» ብሎ ነው። ክሊኒኩም የጻፈው ይህንኑ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ቅንጣቱ ከመድኃኒቱ ይልቃል። መድኃኒቱ ዕቃው ነው፣ ቅንጣቱ የጭነት መኪናው።

ጋሼ፦ ዕቃው ብቻውን ያላለፈበትን ኬላ ከነመኪናው እንዴት ያልፋል?

እኔ፦ ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ መኪናው ራሱ የሚጠቅም መሆኑን ላሳይዎት። እትዬ የወሰዱትን ቀዩን ኬሞ ያስታውሳሉ?

ጋሼ፦ እንዴት አላስታውስ! ሽንቷ ቀልቶ «ደም ነው» ብላ ሌሊት የቀሰቀሰችኝ ጊዜ አለ። ነርሷ ናት በኋላ «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጡ» ያለችን።

እኔ፦ እሱ ዶክሶሩቢሲን ነው። ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ችግሩ ልብንም መጉዳቱ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ አልቤርቶ ጋቢዞንና ዬሔዝቄል ባረንሆልዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች መድኃኒቱን ከስብ በተሠራች ሊፖዞም በምትባል ከረጢት ውስጥ ጨመሩት። አንዷ ከረጢት አሥር ሺህ ያህል የመድኃኒት ሞለኪውል ትይዛለች። ጤነኛው የልብ የደም ስር ከረጢቷን አያሳልፋትም። ዕጢው ጋ ያለው የተበላሸ የደም ስር ግን ስለሚያፈስ እዚያ ትራገፋለች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1995 ፈቀደው፤ ስሙ ዶክሲል ይባላል። ልብን በእጅጉ አትርፏል። ስለዚህ ናኖ የሕልም እንጀራ አይደለም፤ ሐኪሞች ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያዙት የኖሩት ነገር ነው። አንጎል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋሼ፦ ኬላው።

እኔ፦ ኬላው። በኬላ ላይ የሚያሳልፈው የዕቃው ማነስ ነው ወይስ ወረቀቱ?

ጋሼ፦ ወረቀቱ ነዋ! እኔ ሃያ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሳልፌ አንድ ካርቶን ሲጋራ ይዤ አውቃለሁ። ዲክላራሲዮኑ የተሟላ ከሆነ መጠኑ ምን አገባኝ።

እኔ፦ አንጎልም እንደዚያ ነው። ብረት ያስፈልገዋል፣ ስኳር ያስፈልገዋል፣ ስብ ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ የተለየ በር አለው። ብረትን ተሸክሞ የሚመጣው ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ግድግዳው ሲያየው አቅፎ ያስገባና በወዲያኛው ወገን ያራግፈዋል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ ቅንጣቷን ትራንስፈሪን ይለጥፉባታል። ሌላም መንገድ አለ። ፍራንክፈርት ውስጥ ዮርግ ክሮይተር የሚባሉ ሰው በ1995 ወደ አንጎል የማይገባ የሕመም ማስታገሻ በናኖ ቅንጣት ጭነው ለአይጦች ሰጡ፤ አስታገሰ። ቅንጣቷን የቀቡት ፖሊሶርቤት 80 በሚባል ነገር ነው፤ እኛ የቅመማ ሰዎች በየቀኑ የምንጠቀምበት ተራ ነገር ነው። በኋላ እንደታወቀው ቅባቱ ደም ውስጥ ሲገባ ስብ የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን ከደሙ ይስባል። ቅንጣቷ የራሱን የሰውነቱን ታርጋ ለጥፋ ትገባለች ማለት ነው።

ጋሼ፦ የሰው ታርጋ ለጥፎ ማለፍ... እንደዚያ ያለፉብኝ ነበሩ። ሥራዬ ሆኖ እጠላቸው ነበር። ዛሬ ግን «በርቱ» ልላቸው ነው።

እኔ፦ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ በሚባለው ተቋም ማርክ ዴቪስና ተማሪዎቻቸው በ2013 የወርቅ ቅንጣቶች ላይ ትራንስፈሪን እየለጠፉ አይጥ ላይ ሞከሩ። ብዙ ትራንስፈሪን የተለጠፈባት የበለጠ ትገባለች ብለው ሊጠብቁ ይችላሉ። በጣም የበዛባት ግን በሩን አንቃ ይዛ እዚያው ቀረች። ግድግዳው ውስጥ ገባች፣ ወደ አንጎል አልወጣችም።

ጋሼ፦ ይገባኛል። ከኬላው ሹም ጋር በጣም የተወዳጀ ነጋዴ እንደዚያ ነው። ቡና ና፣ ምሳ ና ሲባል ይውላል፤ መኪናው እዚያው ቆሞ አትክልቱ ይበሰብሳል።

እኔ፦ ስለዚህ በ2015 ትራንስፈሪኑንና ቅንጣቱን የሚያያይዘውን ክር ቀየሩት። በሩ ውስጥ ያለው ቦታ አሲድነት አለው። አሲድ ሲነካው የሚበጠስ ክር አደረጉለት። በር ላይ ይያዛል፣ ውስጥ ይለቅቃል። ያኔ ወደ አንጎል የዘለቀው ጨመረ። እኔ ይህን ሥራ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም ጋሼ። መያዝ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ቅመማ መሆኑ...

ጋሼ፦ አይጥ ላይ ነው ግን።

እኔ፦ አዎ፣ አይጥ ላይ ነው።

ውስጥ እትዬ ሲያስሉ ተሰማን። ጋሼ ተነሥተው ገቡ። በመስኮቱ ሳያቸው በግራ እጃቸው የእትዬን ራስ ደግፈው በቀኛቸው ውኃ ያጠጣሉ። ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ ነው የሚያደርሱላቸው፤ እትዬ ራሳቸው እንዲይዙት አይተዉላቸውም። ሲመለሱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተቀመጡ።

ጋሼ፦ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ዕቃ በትራንዚት ሲያልፍ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ሲነሣ የሚሞላው ነው፤ ይህን ያህል ጭኛለሁ ይላል። ሌላው መድረሻው ላይ የሚቆረጠው ነው። የመጀመሪያውን ማንም ይሞላል። ሌባም ይሞላል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠየቅሁት ሁለተኛውን ነው፤ ደረሰኙን። ቃሉ ራሱ እኮ ይናገራል፤ «ደረሰኝ» ነው የሚለው፣ ተቀባዩ ነው የሚናገረው። የናንተ ደረሰኝ የታለ?

ለጥቂት ጊዜ መልስ አልሰጠኋቸውም። ሙያዬን በአንድ ቃል እንደዚህ ጠቅልሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔ፦ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ የዋረን ቻን ቡድን የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ይህንኑ ጠየቀ። በእንስሳት ላይ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው ስንት ነው? መሐል ላይ ያለው ቁጥር 0.7 በመቶ ሆነ። ከ1,000 ቅንጣት 7።

ጋሼ፦ 993ቱ የት ገባ?

እኔ፦ አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ። ቅንጣቷ ደም ውስጥ እንደገባች የደም ፕሮቲን ይለብሳታል፤ የጉበት ጠባቂ ሴሎች ያን ሲያዩ ባዕድ ነው ብለው ይውጧታል። ያውም ይህ ቁጥር የጠቅላላው ዕጢ ነው፤ የአንጎል ኬላ ገና አልተቆጠረበትም።

ጋሼ፦ እኔ ብሆን ይህን ድርጅት ፈቃዱን እነጥቀው ነበር።

እኔ፦ አይፍረዱበት ጋሼ። ያለ ቅንጣት የሚወጋው ኬሞም አብዛኛው ዕጢው ጋ አይደርስም። 7ቱ ከበቁ ይበቃሉ። ቁም ነገሩ የደረሰው ዕጢውን ለመግደል በቃ ወይ፣ ሰውየው ዕድሜ አገኘ ወይ የሚለው ነው። ስለ ሰው ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ ነው ክሊኒኩ ዝም ያለው። አንድ መድኃኒት ነበር፣ ኤቲሪኖቴካን ፔጎል ይባላል። የታወቀ ኬሞን ከረጅም ሰንሰለት ጋር ያያዘ፣ ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የተቀመመ፣ ከናኖ ቤተሰብ የሚቆጠር ነው። 852 የጡት ካንሰር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ውስጥ አንጎላቸው ላይ ካንሰር የነበረባቸው 67 ነበሩ። ውጤቱ በ2015 ሲወጣ፣ ከእነዚህ ከ67ቱ መካከል አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 10 ወር፣ ሐኪሙ የመረጠውን የተለመደ ኬሞ የወሰዱት 4.8 ወር ሆነ።

ጋሼ፦ እጥፍ ነው! ታዲያ ይህ...

እኔ፦ እኔም እንደ እርስዎ ነበር ያልኩት። ግን 67 ሰው ከትልቅ ጥናት የተቆነጠረ ነው፤ ዕድል ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ አንጎላቸው ላይ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ብቻ፣ 178 ሆነው፣ በዕጣ ለሁለት ከፍለው እንደገና አጠኑ። ውጤቱ በ2022 ወጣ። 7.8 ወርና 7.5 ወር። ልዩነት የለም።

ጋሼ፦ (ዝም ብለው ቆዩ) ያን የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ቤት ያስሸጠ ሰው አይኖርም ትያለሽ?

እኔ፦ ይኖራል። ይህ የላኩልዎት ክሊኒክ ግን 67 ሰው እንኳ የለውም። ደግሜ አነበብኩት። ስንት ሰው እንዳከመ፣ ከማን ጋር እንዳነጻጸረ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ አንድ መስመር የለም። የመነሻ ወረቀት ብቻ ነው ያለው።

ጋሼ፦ እሺ። የደረሰለት የለም?

እኔ፦ ሲደርስ በዓይን የታየ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል ከተማ 15 ሰዎች ላይ የተሞከረ ቅንጣት አለ፤ አጉዊክስ ይባላል። ከ5 ናኖሜትር አይበልጥም። ውስጡ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለ፤ እትዬ ኤምአርአይ ሲነሡ የተወጉት ዓይነት ማለት ነው። መድኃኒት አይጭንም። ዕጢው ውስጥ ይቀመጥና ጨረር ሲመታው የጨረሩን ጉዳት እዚያው ላይ ያበረታዋል። የተረፈው በኩላሊት ይወጣል። ደስ የሚለው፣ ጋዶሊኒየሙ በኤምአርአይ ስለሚታይ ዕጢዎቹ ውስጥ ገብቶ ሲያበራ አዩት። በ2020 የወጣው ምስል ላይ አለ። የጠየቁኝ ደረሰኝ ያ ነው።

ጋሼ፦ ዕድሜ ጨመረላቸው?

እኔ፦ 15 ሰው ላይ የሚጠየቀው ይጎዳል ወይ፣ ስንት ይሰጥ የሚለው ነው። ጉዳት አላደረሰም። ዕድሜ ይጨምር እንደሆነ የሚለየው በዕጣ የተከፈለ ትልቅ ጥናት ነው። ቶሮንቶ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ኬላውን ለጥቂት ሰዓት መክፈት። ጥቃቅን አረፋዎች ደም ውስጥ ይወጉና በአልትራሳውንድ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ያነጣጥራሉ። አረፋዎቹ ሲርገበገቡ ስፌቱ ይላላል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይገጥማል። በ2021 የእትዬን ዓይነት ካንሰር ያለባቸው አራት ሴቶች በዚህ መንገድ ያንኑ ትራስቱዙማብ ተሰጣቸው፤ ወደ ዕጢው የገባው መጨመሩ በምስል ታየ። ናኖ ቅንጣትንም በዚያ በር ለማስገባት እየሠሩ ያሉ አሉ።

ጋሼ፦ አሥራ አምስት፣ አራት። ሁሉም ገና ዳዴ ላይ ነው።

እኔ፦ ናኖው ዳዴ ላይ ነው። ቆሞ የሄደው ሌላ ነው። ቱካቲኒብ የሚባል እንክብል አለ፤ ናኖም አይደለም፣ ምንም የለበትም። ሞለኪውሉ ትንሽ ነው። 612 የሄር2 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት 291ዱ አንጎላቸው ላይ ካንሰር ነበረባቸው። ከትራስቱዙማብና ከአንድ የኬሞ እንክብል ጋር ሲጨመር እነዚህ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ12 ወር ወደ 18.1 ወር ከፍ አለ። ውጤቱ በ2020 ነው የወጣው።

ጋሼ፦ እንክብሉ ካለፈ ታዲያ አንቺ ናኖ ናኖ እያልሽ ምን ትደክሚያለሽ?

እኔ፦ የሚሠራው የእትዬ ዓይነት ላላቸው ብቻ ነውና። ሄር2 የሌለባቸው፣ ሆርሞንም የማይነካቸው ሴቶች አሉ፤ ለእነሱ እንደዚህ ያለ እንክብል የለም። ያላቸውም ቢሆኑ ካንሰሩ ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ናኖው ከተሳካ ግን አሮጌውን፣ እዚህ አገር በየሆስፒታሉ የሚታወቀውን ኬሞ ኬላውን ሊያሻግረው ይችላል። እዚህ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ከዘገየ በኋላ ነው። እኔ የምደክመው ለእነሱ ነው። ብቻ ያልደረሰውን ደርሷል ብዬ ለእርስዎ አልሸጥም።

ጋሼ፦ ይህ እንክብል እዚህ ይገኛል?

እኔ፦ ጠይቄአለሁ፤ በማውቃቸው ፋርማሲዎች አላገኘሁትም። ዋጋውም ከባድ ነው። ግን ስሙን ጽፌ እሰጥዎታለሁ፤ ሰኞ ለሐኪማቸው ያሳዩአት። በእውነተኛ መንገድ የሚገኝበት ካለ የቤቱ ነገር ያኔ ይነሣ። መጀመሪያ ግን ያለን ነገር አለ። ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ትናንት ተጀምሯል፤ የአንጎላቸውን እብጠት ያበርደዋል። ጨረሩም አለ። ጨረር ኬላ አያውቅም ጋሼ፤ በአጥንቱ በኩል ነው የሚገባው።

ጋሼ፦ ለዚህ ለላከልኝ ሰው ምን ልበለው? ቅን ሰው ነው፤ ልጁም ታማለች መሰለኝ።

እኔ፦ ሦስት ጥያቄ ለክሊኒኩ እንዲልክ ይንገሩት። ስንት ሰው አከማችሁ? ከማን ጋር አነጻጸራችሁ? ውጤቱ የት ታተመ? ካልመለሱ ገንዘቡን አይስጣቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ጻፉ። ሦስቱን ጥያቄ ደግመው አስነበቡኝና ላኩት። ቤቱ አልተሸጠም።

በአምስተኛው ቀን የዴክሳሜታዞኑ ነገር ታየ፤ የእትዬ የጠዋት ራስ ምታት ቀለለ። ሰኞ ጨረሩ ተጀመረ። ይህን ሳነብላቸው ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። «የእኔን ኬላ ብትተዪው ግድ የለም። ሕመሟን የደበቀችንን ሦስት ሳምንት ግን እንዳትተዪው» አሉኝ።

አልተውኩትም። በቤታችሁ የጡት ወይም የሳንባ ካንሰር የታከመ ሰው ካለ፣ ሕክምናው ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ አንድ ጎኑ ከደከመው፣ ንግግሩ ከተያያዘበት፣ ወይም ቡናው ሲኒውን ከሳተ፣ «ድካም ነው፣ ብርድ ነው» ብላችሁ አትቆዩ። በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ውሰዱት።